ከመሰላሉ በታች

ውቤ መሰላሉን ለማቆም ገመዱን ሲጨብጥ ሚስቱ እታገኘሁ «ተው» አለችው። ሦስት ጊዜ ነው ያለችው።

«የእግዜር እንግዳ ነን እያሉ?» አላት።

«የእግዜር እንግዳ ክላሽ ይዞ ይመጣል?»

«ዛሬ ክላሽ ያልያዘ ማን አለ?»

ከራሳቸው በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ሌላው ሃያ አራት ወይ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ድንጋይ ተደግፎ አንድ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። የቆመው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

«አባቴ፣ ነአኩቶ ለአብን፣ ክፉ አናስብባችሁም! ጓደኛዬ እየሞተብኝ ነው። ለዛሬ ያስጠጉንና ነገ እንሄዳለን!» አለ።

ውቤ ገመዱን ጎተተው። መሰላሉ ቀስ እያለ ተነሳና ጫፉ አፋፉ ላይ አረፈ። ሁለት ረጃጅም የጽድ ግንዶች በጓሳ ገመድ ታስረው የተሠራ ነው፤ ቁመቱ ሃያ ክንድ ያልፋል። እሱ ከወረደ ወደ ውቤ መሬት የሚያስገባ ሌላ መንገድ የለም። በታች በኩል ያለውን ገደል ጭላዳ እንጂ ሰው አይሞክረውም።

ውቤ ላሊበላ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አስጎብኚ ሆኖ ሠርቷል። ፈረንጆቹን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ሲያወጣና ሲያወርድ እያንዳንዱን ምንጭና እያንዳንዱን ዋሻ አውቆታል። እታገኘሁ ደግሞ የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ እንግዳው ቀረ፤ ሆቴሉም ተዘጋ። መብራት ከዓመት በላይ ጠፋ። የሚፈጭ ወፍጮ ታጥቶ ከተማው ገብስ እየቆላ የከረመበት ጊዜ ነው። ያኔ ውቤን አንድ ሐሳብ ያዘው። «መብራቱ በሰው እጅ ነው፤ ባንኩ በሰው እጅ ነው፤ መንገዱም በሰው እጅ ነው። ሲፈልጉ ይከፍቱታል፣ ሲፈልጉ ይዘጉታል» ይል ጀመር። ልጅ አልወለዱም። ከተማው ውስጥ የሚያስቀራቸው ነገር አልነበረም።

ከእናቱ ወገን የደረሰችው መሬት ገደል ወገብ ላይ የተንጠለጠለች፣ ሁለት ጥማድ የማትሞላ ጠፍ እርከን ነበረች። ዋሻ አላት፤ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ምንጭ አላት። የዋሻውን አፍ በድንጋይ ካቡት። ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ዘሩ። ስምንት ቀፎ ሰቀሉ። ከአምስት በግ ተነስተው አሥራ ዘጠኝ አደረሱ። በእጅ ወፍጮ ፈጩ፤ የበጉን ፀጉር ፈትለው የሚለብሱትን ባና ራሳቸው ሠሩ። እሳቱን በአመድ እየቀበሩ ያቆዩታል፤ ክብሪት እንኳ ከገዙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ከውጭ የሚፈልጉት ጨው ብቻ ነበር። ስልካቸውን ውቤ ገና ሲወርዱ ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶታል። ከቀብር ማኅበሩ፣ ከቅሬው፣ ሲወጡ የሰፈሩ ሽማግሌዎች «ስትሞቱ ማን ይቀብራችኋል?» አሏቸው። ውቤ ስቆ «ቀድሞ የሞተውን የቀረው ይቀብረዋል» አለ።

እታገኘሁ አልሳቀችም። ሥራው አልከበዳትም፤ የከበዳት ዝምታው ነበር። አንዳንድ ቀን ሆቴል ቤት አብረዋት የሠሩትን ሴቶች ስም እየጠራች ከበጎቹ ጋር ስታወራ ራሷን ታገኘዋለች። ያም ሆኖ ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ በኅዳር፣ ገብሱን አጭደው ሲከምሩ ባሏን አይታ «እውነቱን ነበር» ብላ አስባለች። ሰዎቹ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው።

ታላቅየው ደባሱ ይባላል። ወጣቱ ዘመኑ ነው። ዘመኑን በገመድ ወገቡን አስረው አወረዱት። ጭኑ ላይ የገባው ጥይት በሌላ በኩል ወጥቷል፤ ቁስሉ ግን አሥር ቀን ሆኖት ሸትቷል። እታገኘሁ ጨርቁን ስትፈታው መግሉ እጇ ላይ ፈሰሰ። ውሃ አፈላች፤ ቢላዋ እሳት ውስጥ ከተተችና የሞተውን ሥጋ ቆርጣ ጣለች። ውቤ ትከሻውን፣ ደባሱ እግሩን ይዘውታል። ዘመኑ እንዲነክሰው አፉ ውስጥ ያደረጉለት የቆዳ ጠፍር ተበጥሶ ቀረ። ስትጨርስ ቁስሉን በማር ሞልታ አሰረችው።

«ይድናል?» አለ ደባሱ።

«ካልተንቀሳቀሰ ይድናል።»

«እንግዲያው አይንቀሳቀስም» አለና ዋሻውን፣ ክምሩን፣ በጎቹን፣ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። መሰላሉን ደግሞ ከሁሉም አስበልጦ አየው።

በማግስቱ አልሄዱም። በሦስተኛው ቀን ውሻቸው ቡላ ደባሱ ላይ አጉረመረመ። ደባሱ የገብስ ቆሎ እየቃመ ነበር። ቆሎውን ከግራ እጁ ሳይጥል በቀኙ ክላሹን አነሳና ውሻውን ተኮሰው። ቡላ ወዲያው አልሞተም፤ በፊት እግሮቹ እየተሳበ እታገኘሁ እግር ሥር ደረሰ። ሁለተኛው ጥይት እዚያ አገኘው። ፍንጥርጣሪው ቀሚሷን በከለው።

ውቤ «ምን አደረገህ?» ብሎ ተነሳ።

«ተቀመጥ» አለው ደባሱ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ሲለው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የእነሱ አልነበረም። ደባሱ ከመሰላሉ ሥር ይተኛል። መጥረቢያውንና ዶማውን ለሥራ ጠዋት ይሰጣቸዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቆጥሮ ይረከባል። በየሦስት ቀኑ አንድ በግ ይታረዳል። ሥጋው ሳያልቅ ሌላ ይታረዳል። ውቤ እርጉዟን በግ ለማረድ እንቢ ያለ ቀን ደባሱ ራሱ ያዛትና አንገቷን ሳይሆን ሆዷን ቀደደው። ግልገሉ ከነእንግዴ ልጁ ወደቀ። «አሁን ሁለት አረድኩ» አለ። ውቤ ፊቱን ሲያዞር ደባሱ በሰደፍ ወገቡን መታው፤ ውቤ ደም ላይ ተደፋ። እታገኘሁ ጮኸች። የጩኸቷ ድምፅ ማዶ ካለው ገደል ተመልሶ መጣ እንጂ መልስ የሰጠ ሰው የለም።

ደባሱ ሳቀ። «ጩኺ፣ እስኪበቃሽ ጩኺ። ቦታውን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

በኅዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት ደባሱ አካባቢውን ለማየት ወደ አፋፉ ወጣ። ውቤ ዕድሉን አገኘሁ ብሎ ሮጠና የመሰላሉን ገመድ ፈታ። ከባድ ነው፤ ለአንድ ሰው ቶሎ አይወርድም። ጫፉ ከአፋፉ አንድ ክንድ እንደተነሳ ደባሱ ደረሰና ከአናቱ በላይ ሁለት ጥይት ለቀቀበት። ድንጋይ ተፈነጠረ። ውቤ ገመዱን ለቀቀ፤ መሰላሉም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ደባሱ ሳይቸኩል ወረደ። ውቤን በአንገትጌው ጎትቶ ወፍጮው ዘንድ ወሰደው።

«ገመዱን የያዝክበትን እጅ አስቀምጥ።»

ውቤ አላስቀመጠም። ደባሱ አፈሙዙን ወደ እታገኘሁ አዞረ። ያኔ ውቤ ቀኝ እጁን ወፍጮው ድንጋይ ላይ ዘረጋ። ደባሱ ክላሹን ገልብጦ በሰደፉ መታው። አራት ጊዜ መታው። ከሁለተኛው በኋላ ውቤ አልጮኸም፤ ዓይኑ ተገልብጦ ነበር። ዘመኑ በከዘራ ተደግፎ ዋሻው በር ላይ ቆሞ ነበር። «ጋሼ ደባሱ፣ ይበቃዋል» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ያን ቀን እታገኘሁ ሁለት ሰው አከመች። የባሏን ጣቶች በእንጨት ደግፋ አሰረች፤ ሁለቱ እንደማይመለሱ አውቃለች። ቀጥላ ወደ ዘመኑ ሄደች። ጨርቁን ስትፈታ እጇ ቆመ። ቁስሉ ንጹሕ ነበር፤ ዳር ዳሩ ሥጋ መሙላት ጀምሯል። አንድ ጭብጥ አፈር ብትጨምርበት በሳምንት ይገድለዋል።

ዘመኑ ያሰበችውን ያወቀ ይመስል «እትዬ፣ ብትተዪኝም አልፈርድብሽም» አላት።

ቁስሉን አጥባ ማር ሞላችበት።

እንዲህ እንዲህ እያሉ መነጋገር ጀመሩ። የወገል ጤና ልጅ ነው። እናቱ ወለተ ሐና እዚያ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። «ወለተ ሐና ብትዪ የማያውቃት የለም፤ ድምፅዋ ከገበያው ጫፍ ይሰማል» ብሎ ሳቀ። ከደባሱ ጋር የገጠመው መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ሲሠራ ነው፤ መኪናውን ያስቆሙት እነ ደባሱ ነበሩ። ሹፌሩን ገደሉት። እሱን «ትከተለናለህ ወይስ ትከተለዋለህ?» አሉት።

«ተከተልኳቸው» አለ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ታኅሣሥ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደባሱ ሁሉንም ሰብስቦ ተናገረ። ዘጠኝ ሰዎች አሉት፤ ከገና በኋላ ወደዚህ ያመጣቸዋል። ዋሻው ይበቃል፤ ምንጩም ይበቃል። «አንተ ታርሳለህ፣ እሷ ታበስላለች። ቦታው እንደ ጎተራ ነው፤ መግቢያው አንድ ነው። ይህን የሠራኸው ለእኔ ነው እላለሁ» አለው ውቤን። ከዚያ ሁለት ክላሽ ካዝና ታጥቆ፣ ዘመኑን ጠባቂ አድርጎ፣ ሰዎቹን ሊያነጋግር ወጣ። «ነገ ከሰዓት እመለሳለሁ። መሰላሉ ከቦታው ቢነቃነቅ መጀመሪያ ሴትዮዋን ተኩሰህ ጣላት» ብሎ ነው የሄደው።

ውቤ ያን ቀንም ያን ሌሊትም አንድ ቃል አልተናገረም። ጠዋት ላይ እታገኘሁ ውሃ ልትቀዳ ምንጩ ዘንድ ስትደርስ ዘመኑ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ጀሪካኑን አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ዘመኑ፣ እነዚያ ሰዎች ከመጡ እኛ አንተርፍም።»

«አውቃለሁ።»

«አንተም እዚያው ትቀራለህ። እናትህ ገበያ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ትኖራለች።»

«እሱንም አውቃለሁ።» ቀና ብሎ አያት። «ጋሼ ውቤ ግን ይቅር ይሉኛል?»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

ዘመኑ የክላሹን ካዝና ነቀለና ሰጣት። «ያዢው። ሲመጣ መሰላሉን አብረን እናወርዳለን። ከላይ ቢተኩስ ዋሻው ይከልለናል፤ ከዚያ የሚሆነውን እናያለን። ይኸው ጠመንጃው ባዶ ነው፤ ካዝናውን ለባልሽ አሳዪው፤ ካላየ አያምነኝም።» ከዚያ ፊቱን ለፀሐዩ ሰጥቶ በጎኑ ጋደም አለ። እግሩ ሌሊት ሲያሳክከው ስላደረ እንቅልፍ አልጠገበም።

እታገኘሁ ካዝናውን በነጠላዋ ሸፍና ድንች ማሳው ዘንድ ሮጠች። ውቤ ሲቆፍር የነበረው እዚያ ነው። ዶማው ተተክሏል፤ ውቤ የለም። ወደ እንጨት መፍለጫው ሄደች። ፍልጡ አለ፤ መጥረቢያው የለም። ያኔ ያሰበው ገባት። «ውቤ!» ብላ ተጣራች። ወደ ምንጩ ዞራ ስትሮጥ ድምፁን ሰማችው፤ እርጥብ ግንድ ሲፈለጥ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ። ደገመ።

ስትደርስ ውቤ መጥረቢያውን በግራ እጁ ይዞ ቆሟል። ግራ እጁ ሥራ አልለመደም፤ የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ፣ ሁለተኛው አንገቱ ላይ ነው ያረፈው። ዘመኑ አልሞተም ነበር። አንድ እጁን ወደ እታገኘሁ ዘርግቶ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፤ ከአፉ የሚወጣው ደም ብቻ ነው። ውቤ ሦስተኛውን ሰነዘረ። ደሙ ወደ ምንጩ ገባና ውሃው ይዞት ወረደ።

«ተኝቶ ነበር» አለ ውቤ፣ እያለከለከ። «ሌላ ጊዜ አናገኝም ብዬ ነው። ጠመንጃውን ውሰጂ።»

እታገኘሁ ነጠላዋን ገለጠችና ካዝናውን አሳየችው።

ውቤ ካዝናውን አየ፤ ሬሳው አጠገብ የተጋደመውን ክላሽ አየ። ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ።

«አላወቅሁም» አለ።

«አልጠየቅኸኝም!» አለችው። «ጠርቼህ ነበር። ስጠራህ አልሰማህም?»

«ሰምቼሻለሁ። ልታስቆሚኝ መስሎኝ ነው።»

ለማልቀስ ጊዜ አልነበራቸውም። ሬሳውን ወደ ዋሻው ጎትተው በባና ሸፈኑት። ውቤ በግራ እጁ እያሳየ፣ እሷ ካዝናውን ገጠመች፤ የደህንነት ቁልፉን እንዴት እንደምታወርድና ቃታውን የት እንደምትስብ ነገራት። ለፈረንጆቹ አጃቢ የነበሩ ጠባቂዎች ሲያደርጉት አይቷል። ከዚያ ረጅም ገመድ በመሰላሉ እግር አስረው እስከ ክምሩ ጀርባ ዘረጉትና ገለባ በተኑበት።

ደባሱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አፋፉ ላይ ታየ። ብቻውን ነው፤ ጀርባው ላይ ከረጢት አዝሏል።

«ዘመኑ!» ብሎ ተጣራ።

እታገኘሁ ክምሩ አጠገብ ቆማ ገብስ ታበጥራለች። ማበጠሩን ሳታቋርጥ «ትኩሳት ተነስቶበት ተኝቷል!» አለች።

«ባልሽስ?»

«እያስታመመው ነው።»

ደባሱ ቆሞ ዋሻውን አየ፤ ማሳውን አየ። አመነ። ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ መውረድ ጀመረ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ እታገኘሁ ሰፌዱን ጣለችና ክምሩ ጀርባ ገባች። ባልና ሚስት በሦስት እጅ ገመዱን ጎተቱት። መሰላሉ መጀመሪያ አልነቃነቅ አለ። ደባሱ ዞር ብሎ ገለባው ሥር የሚጥመለመለውን ገመድ አየውና «እናንተ!» ብሎ ጮኸ። በዚያው ቅጽበት የመሰላሉ እግር ተንሸራተተ።

ደባሱ መሰላሉን እንዳቀፈ ነው የወደቀው። ግንዱ ከደረቱ ሥር ሆኖ ነው ድንጋዩን ያገኘው። ክላሹ ከትከሻው ተፈናጥሮ አምስት እርምጃ ርቆ ወደቀ። አቧራው ሲረግብ ሁለቱ እግሮቹ ወደማይታጠፉበት ወገን ታጥፈዋል። በሕይወት ነበር። በክንዱ እየተሳበ ወደ ክላሹ ሄደ፤ እየሄደ ይሳደባል። ስድቡ ሲያልቅበት «እናቴ» ማለት ጀመረ።

ውቤ «ወደ ኋላ በይ» አላት። እሷ ግን የዘመኑን ክላሽ ይዛ ሄደችና ከደባሱ ራስ አጠገብ ቆመች። ደባሱ ቀና ብሎ አያት።

«ተዪኝ» አለ። «ወጥቼ እሄዳለሁ። ነአኩቶ ለአብን…»

ቃታውን ሳበችው። አንድ ጥይት የሚወጣ መስሏት ነበር። ጠመንጃው እጇ ውስጥ እየዘለለ ተንጣጣ፤ ጣቷን ማንሳት እንደምትችል ረሳችው። ካዝናው ባዶ እስኪሆን አልለቀቀችውም። ሲያበቃ ደባሱ ሰው አይመስልም ነበር። ጆሮዋ ደንቁሮ፣ ባሏ አፉን ሲያንቀሳቅስ እያየች፣ ምን እንደሚል ሳትሰማ ብዙ ቆየች።

ዘመኑን ከባቄላው ማሳ በላይ ራሱን ወደ ምዕራብ አድርገው ቀበሩት። ደባሱንም ቀበሩት፤ እሱን ራቅ አድርገው ድንጋይ ከመሩበት። ጉድጓዱን የቆፈረችው እታገኘሁ ናት። ውቤ አፈሩን በአንድ እጁ ይመልሳል። በአራተኛው ቀን መሰላሉን ጠግነው ካቆሙት በኋላ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ለበሰች።

«የት ነው?» አላት።

«ወገል ጤና።»

«እናቱን ምን ልትያቸው?»

«የሆነውን።»

«አብደሻል? ማንም አያውቅም እኮ። እዚህ ማን ይመጣል? ማንም አያገኘንም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለችና ወጣች።

ላሊበላ ገብታ መጀመሪያ ለንስሐ አባቷ ተናገረች፤ እሳቸውም ይዘዋት ሄደው ነገሩን ለሕግ ሰዎች አስመዘገቡ። የደባሱ ስም ሲጠራ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ «የገደላችሁት እሱን ነው?» ብሎ ደግሞ ጠየቃት። ዘጠኙ ሰዎቹ እንደሆነ አለቃቸው መሞቱን ሲሰሙ ተበትነዋል ተባለ። በጋሸና በኩል መኪና ይዛ ወገል ጤና የደረሰችው የገበያ ቀን ነው።

ወለተ ሐናን በድምፃቸው ነው ያገኘቻቸው። ስድሳ የዘለሉ፣ ቀጭን፣ ሽንኩርት ከፊታቸው የከመሩ ሴት ናቸው። የእታገኘሁን አለባበስ ሲያዩ ድምፃቸው ተቋረጠ።

«ከዘመኑ ነው የመጣሽው?» አሏት።

«አዎ፣ እማማ።»

«ሞተ?»

«ሞተ።»

«ማን ገደለው?»

በመንገድ ሁሉ ስትለማመደው የመጣችው ብዙ ቃል ነበር። ሁሉም ጠፋት። «ባሌ» አለች።

ወለተ ሐና የሚዛኑን ብረት አንስተው ፊቷን መቱት። ቅንድቧ ተሰነጠቀ። ደገሙ። እታገኘሁ እጇን አላነሳችም። ሴቶች ደርሰው እስኪይዟቸው ድረስ ሽንኩርቱ ላይ ተንበርክካ ደሟ ይንጠባጠባል። «ቁስሉን አክሜው ነበር» ትላለች። «እግሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሊያድነን ነበር፤ ባሌ አላወቀም።» ወለተ ሐና በሴቶቹ እጅ ውስጥ ሆነው ያቺን ቃል ሰሙ። መታገል ተዉ። «ሊያድናችሁ ነበር?» አሉ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ሽማግሌዎች ገቡበት። እርቅ ለማውረድ ውቤ ድንጋይ ተሸክሞ ወገል ጤና ይምጣ አሉ። ወለተ ሐና እንቢ አሉ። «መጀመሪያ ልጄ የተኛበትን አያለሁ። እኔ ነኝ የምሄድ» አሉ። ገና ካለፈ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስና ወንድማቸው ይዘዋቸው መጡ። ውቤ አፋፉ ላይ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ጠበቃቸው። እታገኘሁ ከጎኑ ቆማለች፤ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነው።

ወለተ ሐና ድንጋዩን አላነሱለትም። ቁልቁል መሰላሉን አዩ።

«እማማ፣ ይህን አይችሉትም» አሏቸው ቄሱ።

«ገመድ እሰሩብኝ።»

ወንድማቸው ገመዱን ወገባቸው ላይ አስሮ ጫፉን ጨበጠ። ወለተ ሐና ዞር አሉና «አንተ አይደለህም። እሱ ይያዘው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ወለተ ሐና፣ እጁ ሰባራ ነው እኮ» አለ አንዱ።

«እሱ ይያዘው አልኩ።»

ውቤ ተነሳ። ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ በግራ እጁ ይዞ፣ እግሩን ድንጋይ ላይ ተከለ። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ እሱ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከዓይኑ ሳይነቅሉ፣ በመሰላሉ ወረዱ። በየእርከኑ ያርፋሉ። ገመዱ ሲወጠር የውቤ ክንድ ይንቀጠቀጣል፤ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ጊዜ እግራቸው ከእርከኑ ወጣና አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ውቤ በሰባራው እጁ ጭምር ገመዱን ያዘ። ሁለቱ የማይታጠፉ ጣቶቹ ሲላጡ እታገኘሁ አየች። የሴትዮዋ እግር እንደገና እርከኑን አገኘ።

መቃብሩ ዘንድ ቄሱ ፍትሐት አደረሱ። ወለተ ሐና አፈሩ ላይ ተቀምጠው፣ የልጃቸውን የልጅነት ስም እየጠሩ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ። ከዚያ ለመውጣትም ገመዱን እንዲይዘው ያዘዙት ውቤን ነው።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርበው አናገሩት።

«ስወርድ ልትለቀኝ አስበህ ነበር?»

«የለም፣ እማማ።»

«እኔ እንድትለቀኝ ተመኝቼ ነበር» አሉት። ሄደው ሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጡ። «እንግዲህ ጨርሱት» አሏቸው።

እርቁ የዚያኑ ዕለት ወረደ። እታገኘሁ ግን ተመልሳ ወደ ዋሻው አልወረደችም። ላሊበላ ውስጥ፣ እንግዳ ጥቂት ጥቂት መምጣት ሲጀምር፣ ወጥ ቤት ሥራ አገኘች። ውቤ አምስት ወር ብቻውን ሞከረው። በሰኔ፣ የተረፉትን ስድስት በጎች እየነዳ፣ ቤቷ በር ላይ መጥቶ ቆመ። እሷም በሩን ከፈተችለት።